የሚቆጠር ዕድል፦ ባክጋሞን የዳይስ ጨዋታ ብቻ ነው ላሉት ጸሐፊ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ባክጋሞን የተጻፈ አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ አንብቤ ሁለት ቀን ሙሉ ሲከነክነኝ ሰነበተ። ጸሐፊው ጨዋታውን የማያውቁ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ባለፍኩት ነበር። ነገር ግን ብዙ ዓመት ሰሌዳ ፊት እንደተቀመጡ ከአጻጻፋቸው ይታወቃል፤ ጨዋታውንም ይወዱታል። የሚወዱትን ነገር እንዲህ ማሳነሳቸው ነው አልዋጥልህ ያለኝ።

ያሉት ባጭሩ ይህ ነው። ዳይስ ያለበት ጨዋታ ሁሉ የዕድል ጨዋታ ነው፤ ችሎታ የሚባለው አሸናፊ ካሸነፈ በኋላ ለራሱ የሚሰጠው ስም ነው። ጥሩ ተጫዋች ካለም ዳይሱ መቼ እንደሚመጣለት የሚሰማው ሰው ነው። የእጥፍ ኩቡ፣ ማለትም ውርርዱን እጥፍ ለማድረግ ለተጋጣሚ የሚቀርበው ዕቃ፣ ቁማርተኞች ያመጡት ማስፈራሪያ ስለሆነ የጨዋታውን ክብር አበላሽቷል፤ ጠንቃቃ ሰው ወደ ኋላ በቀረ ጊዜ ኩብ ቢቀርብለት እምቢ ብሎ መነሣት አለበት። ኮምፒውተርም ቢሆን በ1979 የዓለምን ሻምፒዮን ያሸነፈው በዳይስ ነው። በመጨረሻም ራሳቸው በአንድ ዳይስ የተሸነፉበትን ጨዋታ ተርከው ጽሑፋቸውን ይዘጋሉ። ወደዚያ ጨዋታ በኋላ እመለሳለሁ፤ ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው እርሱ ነውና።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ፦ ሁለት ተጫዋቾች እያንዳንዳቸው 15 ጠጠር ይዘው 24 ቤቶች ባሉት ሰሌዳ ላይ በተቃራኒ አቅጣጫ ይጓዛሉ። ጉዞውን የሚወስነው የሁለት ዳይስ ውርወራ ነው፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት ቁጥር ካሳዩ፣ ማለትም ድርብ ከመጣ፣ ያ ቁጥር አራት ጊዜ ይቆጠራል። ብቻውን የቆመ ጠጠር በተጋጣሚ ከተመታ ጉዞውን እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። ጠጠሮቹን ሁሉ ወደ መጨረሻዎቹ ስድስት ቤቶች አስገብቶ ቀድሞ ያወጣ ያሸንፋል። ኢስታንቡል፣ ቴህራን፣ ቤይሩት፣ ያፎ ውስጥ በየቡና ቤቱ ይጫወቱታል። እስራኤል የኖሩ ወገኖቻችን ሼሽ ቤሽ በሚለው ስሙ ያውቁታል፤ ስድስትና አምስት ማለት ነው፣ ስድስቱ ከፋርስ አምስቱ ከቱርክ ቋንቋ ተወስዶ። እኔ የተማርኩት ዱባይ በሠራሁባቸው ዓመታት ከአንድ ሶሪያዊ ባልደረባዬ ነው። እርሱ ሲጫወት ኩብ አይጠቀምም ነበር። ኩቡን ያወቅሁት ቆይቼ ነው፤ ጨዋታውም በእውነት የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

እንግዲህ ከመሠረቱ ልጀምር። በአማርኛ «ዕድል» የሚለው ቃል ሁለት ሸክም አለበት። «ዕድሌ ነው» ስንል ዕጣ ፈንታን ማለታችን ነው፤ ከላይ የተሰጠ፣ ሰው የማይመረምረው፣ ቢመረምረውም የማይለውጠው። «ዝናብ የመዝነብ ዕድሉ ምን ያህል ነው?» ስንል ግን ሌላ ነገር ማለታችን ነው፤ ይህኛው ዕድል ይቆጠራል፣ ይነጻጸራል፣ ይመረጣል። የጸሐፊው ክርክር በሁለተኛው ዕድል ይጀምርና በመጀመሪያው ያልቃል። ዳይስ ወርዋሪው የማይቆጣጠረው ስለሆነ ጨዋታውም የማይቆጣጠረው ነው ይላሉ። ዳይሱን ማንም እንደማይቆጣጠረው እስማማለሁ። ዳይሱ ከመወርወሩ በፊት ጠጠሮቹን የት እንደምናቆም የምንወስነው ግን እኛ ነን፤ ስንት ውርወራ እንደሚጠቅመንና ስንቱ እንደሚጎዳን የሚወሰነውም በዚያ ነው።

ቁጥር ከጠቀሱ አይቀር ደግሞ ቁጥሩ መታረም አለበት። ሁለት ዳይስ 21 ዓይነት ውጤት ስላለው ድርብ ስድስት ከ21 አንዴ ይመጣል ብለዋል። 21 ዓይነት ማለታቸው ትክክል ነው፤ ነገር ግን እኩል ክብደት ያላቸው አይደሉም። ስድስትና አምስት በሁለት መንገድ ይመጣል፦ ቀዩ ዳይስ ስድስት ነጩ አምስት፣ ወይም ቀዩ አምስት ነጩ ስድስት። ድርብ ስድስት ግን አንድ መንገድ ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ ውጤቶቹ 36 ናቸው፤ ድርብ ስድስት ከ36 አንዴ፣ ስድስትና አምስት ከ36 ሁለቴ። ይህ ስሕተት የእርሳቸው ብቻ አይደለም። በጋሊሌዮ ዘመን የነበሩ ጣሊያናውያን ተጫዋቾች በሦስት ዳይስ ሲጫወቱ ድምሩ 9 የሚሆነውም 10 የሚሆነውም በስድስት ዓይነት ጥምረት ሆኖ ሳለ 10 የሚበዛው ለምን እንደሆነ ግራ ገብቷቸው ነበር። ጋሊሌዮ ቆጥሮ መለሰላቸው፤ ከ216 ውጤቶች 10 በ27 መንገድ፣ 9 ግን በ25 መንገድ ይመጣል። የሚደንቀኝ መልሱ አይደለም፤ ተጫዋቾቹ ያቺን ትንሽ ልዩነት ሳይቆጥሩ በመጫወት ብዛት ማስተዋላቸው ነው።

ሁለተኛው ነጥብ የዳይስ «ስሜት» ነው። አሥር ጊዜ ተወርውሮ ስድስት ካልመጣ አሥራ አንደኛው ላይ ተራው ደርሷል፣ ልምድ ያለው ተጫዋችም ይህን ተማምኖ ይጫወታል ብለዋል። ቢያንስ አንዱ ዳይስ ስድስት የሚሆንበት ውርወራ ከ36ቱ 11 ነው። አሥር ተከታታይ ውርወራ ያለ ስድስት ማለፉ የሚያጋጥመው ከመቶ ሦስት ጊዜ እንኳ ባልሞላ ነው፤ በእርግጥም ብርቅ ነው። ነገር ግን አሥሩ ካለፉ በኋላ አሥራ አንደኛው ያው ከ36ቱ 11 ነው። የተጠረበ አጥንት ወይም ፕላስቲክ ትናንት ያደረገውን አያስታውስም፤ ያለበትን ዕዳም አይከፍልም። ይህን አጥብቄ የምናገረው ገንዘባቸውን በዚህ እምነት የጨረሱ ሰዎች ስላየሁ ነው። ችሎታን ክደው «ስሜትን» ማስተማራቸው ከጽሑፉ ሁሉ አደገኛው ክፍል ነው።

አሁን ወደ ችሎታ። ሁለት ምሳሌ ልስጥ፤ ሰሌዳ ያለው ሰው አሁኑኑ ዘርግቶ ይየው።

የመጀመሪያው፦ ብቻውን የቆመ ጠጠር አለዎት፤ የተጋጣሚዎ ጠጠር ስድስት ቤት ርቆ ከፊቱ ቆሟል። መንገዱ ክፍት ከሆነ ሊመታዎት የሚችልባቸው ውርወራዎች ከ36ቱ 17 ናቸው፤ ስድስት ያለባቸው 11፣ አምስትና አንድ፣ አራትና ሁለት፣ ድርብ ሦስት፣ ድርብ ሁለት። ያው ጠጠር አንድ ቤት ብቻ ወደ ኋላ ቆሞ ርቀቱ ሰባት ቢሆን የሚመቱዎት ውርወራዎች 6 ብቻ ናቸው። አንዲት ቤት ናት፤ አደጋው ግን ከግማሽ ገደማ ወደ አንድ ስድስተኛ ወረደ። ዳይሱ አልተለወጠም። የተለወጠው የቆምንበት ቦታ ነው።

ሁለተኛው ይበልጥ የረቀቀ ነው፤ እኔም እስካሁን ባየሁት ቁጥር ደስ ይለኛል። ጠጠሮችዎን እያወጡ ነው፤ ሁለት ብቻ ቀርተዋል፣ አንዱ ከመውጫው ስድስተኛው ቤት ሌላው አራተኛው ላይ። ሁለትና አንድ መጣልዎት፤ ድሀ ውርወራ ነው። ተጋጣሚዎ በሚቀጥለው ተራው አይጨርስም፤ ከዚያ በኋላ ግን የእርስዎ አንዲት ውርወራ ብቻ ትቀራለች። ሁለቱን ቁጥሮች በሦስት መንገድ መጫወት ይችላሉ፦ ስድስትና አንድ ላይ፣ አራትና ሦስት ላይ፣ ወይም አምስትና ሁለት ላይ ማቆም። በሦስቱም የቀረው ርቀት ሰባት ነው። ለማያስተውል ሰው ሦስቱም አንድ ናቸው። ቢቆጥሯቸው ግን ስድስትና አንድ ላይ ያሉ ጠጠሮች በአንድ ውርወራ የሚወጡት ከ36ቱ በ15ቱ ነው፤ አራትና ሦስት በ17ቱ፤ አምስትና ሁለት በ19ኙ። ሦስተኛውን የመረጠ ሰው ጨዋታውን ከግማሽ በላይ በሆነ ዕድል ይጨርሳል፤ የመጀመሪያውን የመረጠ ከግማሽ በታች ነው። ያው ዳይስ፣ ያው ሰባት። ይህን ልዩነት ዕጣ ፈንታ ልንለው ነው?

ጸሐፊው ለዚህ ሊመልሱ የሚችሉት አንድ ነገር አለ፤ እውነትም አለበት። በአንድ ጨዋታ ውስጥ ዳይስ ችሎታን ሊውጠው ይችላል። አንድ ውርወራ በአማካይ 8 ቤት ከአንድ ስድስተኛ ያስኬዳል፤ ድርብ ስድስት ግን 24 ያስኬዳል። እንዲህ ያለውን ስጦታ በጥሩ አጨዋወት ብቻ ማካካስ ከባድ ነው። ስለዚህም ጀማሪ ሻምፒዮንን ሊያሸንፍ ይችላል፤ በቼዝ ይህ አይታሰብም። ነገር ግን ከዚህ የሚከተለው ችሎታ የለም ማለት ሳይሆን ችሎታ ለመታየት ጊዜ ይፈልጋል ማለት ነው። እያንዳንዱን ጨዋታ ከመቶ 55 ዕድል የሚያሸንፍ ተጫዋች እንውሰድ። በአንድ ጨዋታ ብልጫው ከዓይን ይሰወራል። ከዘጠኝ ጨዋታ አብላጫውን የሚያሸንፍበት ዕድል ከመቶ 62 ነው፤ ከ25 ጨዋታ 69 ገደማ፤ ከ101 ጨዋታ 84 ገደማ። በሞንቴ ካርሎ በሚካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ቢል ሮበርቲ በ1983 እና በ1987፣ አኪኮ ያዛዋ በ2014 እና በ2018፣ ማሳዩኪ ሞቺዙኪ በ2009 እና በ2021 አሸንፈዋል። ተወዳዳሪው ብዙ በሆነበት፣ ዳይስ ብቻ በሚፈርድበት ቦታ ስሞች እንዲህ ይደጋገማሉ ብሎ ማመን ይከብደኛል።

ከሁሉም በላይ የምቃወማቸው ስለ እጥፍ ኩቡ በጻፉት ነው፤ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልናገር።

ኩቡ ራሱ ቀላል ዕቃ ነው። ዳይስ ይመስላል፤ በስድስቱ ፊቶቹ ላይ 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 32 እና 64 ተጽፎበታል። ወደ ጨዋታው የገባው በ1920ዎቹ በኒው ዮርክ ክለቦች ነው። በጥንታዊው ጨዋታ ዘንድ አይታወቅም ነበር፤ በዚህ ጸሐፊው ልክ ናቸው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ አንድ ተጫዋች ተራው ሲደርስ፣ ዳይስ ከመወርወሩ በፊት፣ የተያዘው ውርርድ እጥፍ ይሁን ብሎ ኩቡን ያቀርባል። ተጋጣሚው ሁለት ምርጫ አለው። ከተወ ጨዋታው እዚያው ያልቃል፤ የተያዘውን በነበረበት ልክ ይከፍላል። ከተቀበለ በእጥፍ ይቀጥላሉ፤ ኩቡም የተቀባዩ ንብረት ይሆናል። ከዚያ ወዲያ እንደገና እጥፍ የማድረግ መብት የእርሱ ብቻ ነው።

ማስፈራሪያ ነው ብለዋል። እኔ ደግሞ ጥያቄ ነው እላለሁ፤ ጥያቄውም፦ «በዚህች ደቂቃ፣ በዚህ ሰሌዳ ላይ፣ ከመቶ ስንት አለህ?» የሚል ነው። በ1654 የሒሳብ ሊቃውንቱ ፓስካልና ፌርማ በደብዳቤ የተነጋገሩበት ጥያቄ የዚህ ወንድም ነበር፤ ጨዋታ በመሃል ቢቋረጥ የተያዘው ገንዘብ ለሁለቱ ተጫዋቾች እንዴት ይከፈል? የፕሮባቢሊቲ (የዕድል ስሌት) ትምህርት መነሻ ተደርጎ የሚቆጠረው ያ የደብዳቤ ልውውጥ ነው። ሁለቱ ሊቃውንት አንድ ጊዜ የመለሱትን፣ ኩብ ያለበት ሰሌዳ ፊት የተቀመጠ ሰው በየተራው ይጠየቃል። ይህን የጨዋታውን ክብር አበላሸ የሚሉት እንዴት ነው?

ወደ ኋላ የቀረ ሰው ኩብ ሲቀርብለት እምቢ ብሎ ይነሣ የሚለው ምክራቸው ደግሞ በቁጥር ሲታይ ገንዘብን መበተን ነው። ለምን እንደሆነ ለማየት እርሳስ እንኳ አያስፈልግም። መቶ ብር ተይዟል እንበል፤ ከአራት ጨዋታ አንዱን ብቻ በሚያሸንፉበት ቦታ ላይ ነዎት፤ ኩብ ቀረበልዎት። አራቱንም ጊዜ ቢተዉ 400 ብር ይከፍላሉ። አራቱንም ቢቀበሉ በሦስቱ ተሸንፈው 600 ይከፍላሉ፣ በአንዱ አሸንፈው 200 ያገኛሉ፤ ልዩነቱ ያው 400 ነው። እንግዲህ ድንበሩ ሩብ ነው። ከመቶ 25 በላይ ካለዎት፣ ከተጋጣሚዎ እጅግ ወደ ኋላ ቀርተው እንኳ፣ መቀበል አለብዎት። ከመቶ 70 ሊሸነፉ እንደሆነ እያወቁ «ተቀብያለሁ» ማለት ለልብ ይከብዳል፤ አውቃለሁ። ትክክሉ ግን እርሱ ነው።

እውነቱን ለመናገር ድንበሩ ብዙ ጊዜ ከሩብም ዝቅ ይላል። የተቀበለው ሰው ኩቡን በእጁ ይዟል፤ ነገሩ ቢገለበጥ እጥፍ አድርጎ የሚመልሰው እርሱ ነው፣ ተጋጣሚው ደግሞ ዳግመኛ ሊነካው አይችልም። ኤሜት ኪለርና ጆኤል ስፔንሰር የተባሉ የሒሳብ ሰዎች በ1975 ባሳተሙት ጥናት፣ ዕድሉ ሳይዘል ቀስ በቀስ የሚለዋወጥበትን ጨዋታ አስበው ድንበሩ ከመቶ 20 ላይ እንደሚያርፍ አሳይተዋል። በእውነተኛው ሰሌዳ ላይ ዕድል በየውርወራው ስለሚዘል ድንበሩ በአብዛኛው በ20 እና በ25 መካከል ይውላል፤ በድርብ የመሸነፍ፣ ማለትም አንድም ጠጠር ሳያወጡ ተሸንፎ እጥፍ የመክፈል፣ አደጋ ካለ ደግሞ ወደ ላይ ይወጣል።

ምሳሌ ይኸውና። ተጋጣሚዎ ሁለት ጠጠር ቀርቶታል፤ ተራው የእርሱ ነው። የእርስዎ አንድ ጠጠር ብቻ አንደኛው ቤት ላይ ናት፤ ተራ ከደረሰዎት በእርግጠኝነት ያሸንፋሉ። ኩብ አቀረበልዎት። ይቀበላሉ ወይስ ይተዋሉ?

የተጋጣሚዎ ጠጠሮች ሦስተኛውና ሁለተኛው ቤት ላይ ከሆኑ፣ አንድ ያለበት ውርወራ ሁሉ ያከሽፍበታል፤ እነርሱም 11 ናቸው። ጠጠሮቹ አራተኛውና አንደኛው ላይ ከሆኑ ደግሞ የሚከሽፍበት 7 ጊዜ ብቻ ነው፤ ድርብ አንድ፣ ሁለትና አንድ፣ ሦስትና አንድ፣ ሦስትና ሁለት ሲመጣ። በሁለቱም ቦታ የቀረው ርቀት አምስት ነው። በመጀመሪያው 11 ከ36 አለዎት፤ ከሩብ በላይ ነውና ይቀበላሉ። በሁለተኛው 7 ከ36 ብቻ ነው፤ ይተዋሉ። ሠላሳ ስድስት ጊዜ፣ በመቶ ብር ብንጫወተው፣ ሁልጊዜ መተው 3600 ብር ያስከፍላል። የመጀመሪያውን ቦታ መቀበል የሚያስከፍለው 2800 ነው። ሁለተኛውን መቀበል ግን 4400 ያስከፍላል። ፈሪው በመጀመሪያው ቦታ 800 ብር ይጥላል፤ ደፋሩ በሁለተኛው ቦታ ያንኑ 800 ብር ይጥላል። ኩቡ ፈሪንም ደፋርንም እኩል ይቀጣል፤ የሚምረው የቆጠረውን ብቻ ነው። ጸሐፊው ግን ፍርሃትን ጥንቃቄ ብለው አስተማሩ።

ኩብ መቼ ይቀርባል የሚለውም እንደዚሁ ነው። ቀደም ብዬ ያነሳኋትን የሰባት ምሳሌ ያስታውሱ። አምስትና ሁለት ላይ የቆመ ሰው በመጨረሻዋ ውርወራ ከ36ቱ 19 አለው፤ ብልጫው በጣም ጠባብ ናት፣ ቢሆንም ከዚህ በኋላ የሚመጣ ሌላ ተራ ስለሌለ እጥፍ ማድረግ አለበት። ስድስትና አንድ ላይ ያቆማቸው ሰው ግን 15 ብቻ ስላለው ኩቡን መንካት የለበትም። ከአንድ ተራ በፊት በጠጠር አቀማመጥ የተሠራ ስሕተት እዚህ ላይ ሁለተኛ ጊዜ ያስከፍላል። ኩቡ ችሎታን አያጠፋም፤ ያጎላዋል።

ስለ ኮምፒውተሩ ብዙ አልልም። በ1979 ሞንቴ ካርሎ ውስጥ የሃንስ በርሊነር ፕሮግራም የዓለም ሻምፒዮን የነበረውን ሉዊጂ ቪላን 7 ለ 1 ማሸነፉ እውነት ነው፤ ዳይስ እንደረዳውም ራሱ በርሊነር በሐቀኝነት ተናግሯል። ነገር ግን ታሪኩ እዚያ አልቆመም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የአይቢኤሙ ጄራልድ ቴሳውሮ ከራሱ ጋር ደጋግሞ በመጫወት የሚማር ፕሮግራም ሠራ። ያ ፕሮግራም ስንት ዓመት የተለመዱ አከፋፈቶችን አስቀየረ። ለምሳሌ ሁለትና አንድ ሲመጣ የቀደሙት ሊቃውንት አንድ ጠጠር ብቻውን አጋልጠው በቤታቸው አዲስ ቦታ ለመያዝ ይሽቀዳደሙ ነበር፤ ፕሮግራሙ ግን የኋለኞቹን ጠጠሮች መነጠል ይመርጥ ነበር። ሰዎቹም መርምረው ብዙዎቹ ተከተሉት። ጨዋታው የዳይስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ማሽኑ ከራሱ ጋር ተጫውቶ የሚማረው ምን ነበር? ዛሬ የሚሠራባቸው ፕሮግራሞች ያለቀ ጨዋታ ሲሰጣቸው ዳይሱ ለማን እንዳደላና ስሕተቱን ማን እንደሠራ ለይተው ያሳያሉ። በዳይስ ያሸነፈ ሰው በዳይስ ማሸነፉን፣ በትክክል ተጫውቶ የተሸነፈም በትክክል መጫወቱን ያያል።

በቁማር ጉዳይ ግን ስጋታቸውን እጋራለሁ። ኩቡ ስድስት ጊዜ ቢታጠፍ መቶው ብር 6400 ይሆናል፤ አንድም ጠጠር ሳያወጣ የተሸነፈ ሰው ደግሞ የዚያን እጥፍ ይከፍላል። በዚህ መንገድ ደመወዙን የጨረሰ ሰው አውቃለሁ፤ በገንዘብ እንዲጫወት ማንንም አልመክርም። ነገር ግን ኩቡ ገንዘብ አይፈልግም። በውድድር የሚቆጠረው ነጥብ ነው፤ ቀድሞ ለምሳሌ 7 ወይም 11 ነጥብ የደረሰ ያሸንፋል፣ ኩቡም ነጥቡን ያበዛል። ሕግም አለው፤ አንዱ ተጫዋች ለማሸነፍ አንድ ነጥብ ሲቀረው በቀጣዩ አንድ ጨዋታ ኩብ አይነካም። ይህ ደንብ በጆን ክሮፎርድ ስም ይጠራል። በ1982 በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት አንድ ዳኛ የባክጋሞን ውድድር በማዘጋጀቱ ቁማር አስፋፍተሃል ተብሎ የተከሰሰን ሰው በነጻ ሲያሰናብት ያቀረበው ምክንያት ጨዋታው የችሎታ ነው የሚል ነበር። እኔና ጓደኞቼ የምንጫወተው ለነጥብ ነው፤ ኩቡ ግን ከሰሌዳው ጎን ሳይቀመጥ ጀምረን አናውቅም።

አሁን ጸሐፊው ወደ ተሸነፉበት ጨዋታ። እንደ ተረኩት ከሆነ የእርሳቸው አራት ጠጠሮች፣ የተጋጣሚያቸውም አራት ጠጠሮች ሁሉም አንደኛው ቤት ላይ ነበሩ፤ ተራው የእርሳቸው ነበር። ወረወሩ፤ ድርብ አልመጣላቸውም፣ ሁለት አወጡ። ተጋጣሚያቸው ወረወረ፤ ድርብ ስድስት። አራቱንም በአንድ ጊዜ አወጣ። ከዚህ በኋላ ስለ ችሎታ የሚያወራ ሰው ምን ይለኛል ብለው ይጠይቃሉ።

ልመልስልዎት። ከመወርወርዎ በፊት የነበረውን እንቁጠር። ከ36ቱ 6ቱ ድርብ ናቸው፤ ድርብ ቢመጣልዎት እዚያው ያሸንፋሉ። ካልመጣልዎት ተጋጣሚዎ ድርብ ማምጣት አለበት፤ እርሱም ከስድስት አንዴ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ በዚያች ደቂቃ ከ36ቱ 31 በእርስዎ እጅ ነበር፤ ለእርሱ የቀረችው 5 ናት፣ ከመቶ 14 እንኳ አትሞላም። ሩብ አትደርስም፣ ከመቶ 20ም አትደርስም። ተጋጣሚዎ ያን ጊዜ ኩብ ቢቀርብለት ሊያደርገው የሚችለው ትክክለኛ ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ መተው። ከተወ ድርብ ስድስቱ ሳይወረወር ያሸንፉ ነበር። ተሳስቶ ቢቀበል ደግሞ እንዲያ ያለ ጨዋታ ሠላሳ ስድስት ጊዜ ቢደጋገም በ36 ነጥብ ፈንታ 52 ያገኙ ነበር።

በጽሑፍዎ መሃል ኩቡ ያን ምሽት ከሰሌዳው ጎን እንደነበረ፣ እርስዎ ግን በመርህ እንደማይነኩት ጽፈዋል።